የደም ምርመራው ደህና ከሆነ ፀጉሬ ስለ ምን ይሳሳል? ስለ ዲኤችቲና ስለ ኢንዛይሞቹ

ዘንባባ29 ጻፈ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የግንባሬ ሁለት ማዕዘኖች ወደ ኋላ እየሸሹ ሄደዋል፤ አናቴ ላይ ያለው ፀጉርም ከመርገፉ ይልቅ እየቀጠነና እያጠረ መምጣቱን አስተውያለሁ። መመለጥ የሚመጣው የወንድ ሆርሞን ሲበዛ ነው የሚለውን ደጋግሜ ስለሰማሁ የቴስቶስትሮን መጠኔን በደም ምርመራ አስለካሁ። ውጤቱ በመደበኛው ክልል ውስጥ ነው፤ እንዲያውም ከመካከለኛው ጥቂት ዝቅ ይላል። በዚህ ላይ አባቴ ስድሳ ዓመት አልፎት ፀጉሩ ሙሉ ነው። ሆርሞኑ ካልበዛ፣ ከአባቴም ካልወረስኩት፣ ታዲያ ፀጉሬን የሚያሳሳው ምንድን ነው? ውጤቱን ያየው ባለሙያ «ሆርሞንህ ደህና ስለሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ምናልባት ጭንቀት ይሆናል» ብሎ ሸኝቶኛል። መልሱ አላሳመነኝም።

የቤተሙከራ_ሰው መለሰ፦

ባያሳምንዎ አይፈረድብዎትም። ሙያዬ ሕክምና ሳይሆን ባዮኬሚስትሪ ነው፤ ስለዚህ ስለ አሠራሩ ብቻ ልናገር። በደም ውስጥ የሚዞረውን ቴስቶስትሮን መለካት የወንዙን ሙላት እንደ መለካት ነው፤ ከወንዙ ተጠልፎ ወደ እያንዳንዱ ማሳ ምን ያህል ውኃ እንደገባ፣ ማሳውም በውኃው ምን እንዳበቀለ አይነግርዎትም። ፀጉራቸው በዚህ መልክ የሚሳሳ ወንዶች አብዛኞቹ የደም ቴስቶስትሮናቸው ካልተመለጡት እኩዮቻቸው አይለይም።

ይህ ማለት ግን ሆርሞኑ እጁ የለበትም ማለት አይደለም። ስልቦች እንደማይመለጡ ሂፖክራጥስ እንኳ ጽፎታል። ነገሩን በሥርዓት የመረመረው ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ የአናቶሚ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ሥራው፣ ጉርምስና ሳይደርሱ የዘር ፍሬያቸውን ያጡ ወንዶች እንደማይመለጡ፣ ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ግን በቤተሰባቸው መመለጥ ያለባቸው ፀጉራቸው መሸሽ እንደሚጀምር፣ ሆርሞኑ ሲቋረጥም የሄደው ባይመለስ መሸሹ እንደሚቆም አሳየ። በቤተሰባቸው ይህ የሌለባቸው ሰዎች ሆርሞኑን ወስደውም ፀጉራቸው በቦታው ቀረ። እንግዲህ ሆርሞኑ ከሌለ መመለጥ የለም፤ ሆርሞኑ ኖሮም ፀጉሩ ለእርሱ ስሱ ካልሆነ መመለጥ የለም።

ወደ ኢንዛይሙ ልምጣ። ቴስቶስትሮን ፀጉሩ ወደሚበቅልበት የቆዳ ከረጢት ሲደርስ 5-አልፋ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ያገኘውና ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ይጨምርበታል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ኢምንት ለውጥ ነው። የሚወጣው ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን፣ በአጭሩ ዲኤችቲ፣ ከቴስቶስትሮን ጋር በአንድ ተቀባይ (ሆርሞኑን በሚይዝ የሴል ፕሮቲን) ላይ የሚያርፍ ሆኖ ሳለ አያያዙ የጠነከረ፣ አለቃቀቁም የዘገየ ነው። ከዚህም ሌላ ቴስቶስትሮን አሮማቴዝ በሚባል ሌላ ኢንዛይም ወደ ኤስትሮጅን ሊለወጥ ሲችል ዲኤችቲ ግን ይህ መውጫ ተዘግቶበታል። ተቀባዩ ዲኤችቲን እንደያዘ ወደ ሴሉ ኒውክለስ ይገባና አንዳንዱን ዘረ መል ይቀሰቅሳል፤ ሌላውን ያስተኛል።

ኢንዛይሙ ከአንድ በላይ ዓይነት አለው። ዓይነት 1 በቆዳ የቅባት ዕጢዎችና በጉበት ይበዛል፤ ዓይነት 2 በፕሮስቴትና በፀጉር ከረጢት ይገኛል። የዓይነት 2ን ድርሻ ቁልጭ አድርጎ ያሳየው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሳሊናስ በምትባል መንደር የተገኘ የዘር ጉድለት ነው። ጁሊያን ኢምፔራቶ-ማክጊንሌይና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1974 እንደገለጹት፣ በዚያ የተወለዱ አንዳንድ ወንዶች ኢንዛይሙ ስለሚጎድላቸው ሲወለዱ ሴት መስለው ይታያሉ፤ ጉርምስና ሲደርስ ግን ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ጡንቻቸው ይዳብራል። የደም ቴስቶስትሮናቸው የማንኛውም ወንድ ነው፤ ዲኤችቲያቸው ግን እጅግ ዝቅተኛ ነው። ፕሮስቴታቸው ትንሽ፣ ጺማቸው ሳሳ ያለ ሲሆን የግንባራቸው ፀጉር አይሸሽም። ለእርስዎ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፦ ቴስቶስትሮኑ ሙሉ ሆኖ፣ ኢንዛይሙ ስለሌለ ብቻ መመለጥ ቀረ።

«ከመርገፉ ይልቅ እየቀጠነ ነው» ያሉትም ትክክለኛ ምልከታ ነው። የራስ ፀጉር ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይሟሽሻል፤ ሦስት ወር ያህል ያርፍና ይወድቃል፤ በቦታውም አዲስ ይተካል። በቀን ከሃምሳ እስከ መቶ ፀጉር መውደቁ በጤናማ ሰውም ያለ ነው። የዲኤችቲ ጉዳት የእድገቱን ዘመን በየዙሩ ማሳጠሩ ነው፤ ከረጢቱም በየዙሩ እያነሰ ይሄድና ወፍራምና ባለ ቀለም የነበረው ፀጉር በመጨረሻ እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳ ለስላሳ ብናኝ ይሆናል። ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ሞቶ አይጠፋም፤ አንሶ ነው የሚቀረው። በጭንቀት ወይም በከባድ ሕመም የሚመጣው መርገፍ ግን ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ከመላው ራስ በጭብጥ የሚወጣ እንጂ ግንባርና አናት መርጦ የሚሄድ አይደለም።

ጠርጣሪው መለሰ፦

ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የማይገጥምልኝ አለ። ይኸው ዲኤችቲ ጺምን የሚያበቅል ከሆነ፣ አንድ ሆርሞን አገጭ ላይ ገንቢ አናት ላይ አፍራሽ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? የማጅራትና የጆሮ ዙሪያ ፀጉርስ ለምን ይተርፋል? ደም ወደዚያ ይሄዳል፣ ወደዚህም ይሄዳል። እኔ እስካሁን የማምነው የአናት ቆዳ የተወጠረ ስለሆነ ደም በበቂ አይደርሰውም የሚለውን ነው።

የቤተሙከራ_ሰው መለሰ፦

ጥያቄዎ ተመራማሪዎችንም ለረጅም ጊዜ ያስቸገረ ነው። በመጀመሪያ ስለ ደም ዝውውሩ። ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ሥራ ከማጅራት በኩል የተወሰደ ፀጉር ወደ ተመለጠው አናት ሲተከል ማደጉን እንደሚቀጥል አሳየ። ቆዳው የተወጠረው ያው፣ ደሙም ያው ሆኖ ሳለ ፀጉሩ የተነሣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ ኖረ። የፀጉር ንቅለ ተከላ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ዕጣው ከቦታው ሳይሆን ከከረጢቱ ጋር ነው የሚጓዘው።

ስለ ጺሙ፦ በከረጢቱ ግርጌ ፓፒላ የምትባል የሴሎች ጉብታ አለች። የሆርሞኑ ተቀባይ ያለው በዋናነት በእርሷ ውስጥ ነው፤ ፀጉሩን የሚሠሩት ሴሎች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከእርሷ ነው። የጺም ፓፒላ ሆርሞኑ ሲደርሳት አይጂኤፍ-1ን የመሰሉ አሳዳጊ ፕሮቲኖችን ታመነጫለች። የአናት ፓፒላ ለመመለጥ በተጋለጠ ሰው ላይ ሲሆን፣ ያንኑ ሆርሞን ተቀብላ ቲጂኤፍ-ቤታ 1 እና ዲኬኬ-1 የሚባሉትን እድገት አስቋሚ ፕሮቲኖች ታወጣለች። መልእክቱ አንድ ነው፤ አንባቢዎቹ ናቸው የተለያዩት። የማጅራት ከረጢቶች ደግሞ ከግንባሮቹ ያነሰ ተቀባይና ያነሰ 5-አልፋ ሪዳክቴዝ አላቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የብብት ፀጉር እንደ ጺም አይደለም። ከላይ የጠቀስኳቸው ኢንዛይሙ የጎደላቸው ወንዶች ጺማቸው ሳስቶ ሳለ የብብት ፀጉር ያበቅላሉ፤ ለእርሱ ቴስቶስትሮኑ ራሱ ይበቃዋልና።

አደይ መለሰች፦

እኔ ሴት ነኝ፤ ዕድሜዬ 38። የግንባሬ መስመር አልተነካም፤ የአናቴ መክፈያ መስመር ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ የራስ ቆዳዬ መታየት ጀምሯል። ሆርሞኖቼ ተለክተው ደህና ናቸው ተብሏል። እዚህ የሚወራው ሁሉ የወንድ ነው፤ የእኔም ጉዳይ ይኸው ዲኤችቲ ነው ወይስ ሌላ?

ቆዳና_ፀጉር መለሰ፦

እህቴ፣ የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ ሳላይዎት ምን እንደሆነ መወሰን ባልችልም የገለጹት አሳሳስ ሉድቪግ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 ለሴቶች ያወጣውን ደረጃ በጣም ይመስላል።

በሴቶች የግንባር መስመር ለምን እንደሚተርፍ ከኢንዛይሞቹ አንጻር ጥሩ ፍንጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ከወንዶችና ከሴቶች ራስ የተወሰዱ ከረጢቶችን አነጻጽሮ፣ በሴቶቹ የፊት ፀጉር ውስጥ አሮማቴዝ ከወንዶቹ ስድስት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘው። 5-አልፋ ሪዳክቴዝ በአንጻሩ ሦስት እጥፍ ያህል ያነሰ፣ ተቀባዩም በአርባ በመቶ ገደማ የቀነሰ ነበር። አሮማቴዝ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን ስለሚወስደው ለዲኤችቲ የሚተርፈው ያንሳል። አንድ ቴስቶስትሮን ሁለት ኢንዛይሞች የሚሻሙበት መሆኑን ያስተውሉ፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ ከረጢቱ ባለበት ቦታና በባለቤቱ ጾታ ይለያያል።

ቢሆንም የሴቶችን መሳሳት ሁሉ በዲኤችቲ ማስረዳት አይቻልም፤ ብዙ ባልደረቦቼም ስለዚህ «የወንድ ሆርሞን መመለጥ» የሚለውን ስም ለሴቶች መጠቀም ትተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ሙከራ የወር አበባቸው የቆመ 137 ሴቶች ለአንድ ዓመት 5-አልፋ ሪዳክቴዝን የሚያግደው ፊናስቴራይድ የተባለ መድኃኒት 1 ሚሊ ግራም ወይም ባዶ ክኒን ሲሰጣቸው በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ዲኤችቲው ቀንሶም ፀጉሩ አልዳነም ማለት ነው። ስለዚህ ከሆርሞኖቹ ሌላ የብረት ክምችትዎን የሚያሳየው ፌሪቲንና የታይሮይድ ሥራ መታየት አለባቸው። የወር አበባ መዛባት፣ የፊት ፀጉር መብዛት ወይም የማይለቅ ብጉር አብሮ ካለ ደግሞ የእንቁልጢ ሁኔታ ይመረመራል። ማስጠንቀቂያም አለኝ፦ ፊናስቴራይድና መሰሉ ዱታስቴራይድ በማኅፀን ያለን ወንድ ፅንስ የብልት አፈጣጠር ሊያዛቡ ስለሚችሉ እርጉዝ የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት አትወስዳቸውም፤ የተሰበረ የፊናስቴራይድ ክኒንም በእጇ አትነካም።

ብረት_አንሺው መለሰ፦

ስፖርተኞች ለጡንቻ የሚወስዱት ክሬአቲን ዲኤችቲን ይጨምራልና ያስመልጣል የሚባለው እውነት ነው? አቁሙ እያሉ ስንቱን አስፈራሩት።

የቤተሙከራ_ሰው መለሰ፦

የወሬው ሥር እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ነው። ሃያ የኮሌጅ ራግቢ ተጫዋቾች ክሬአቲን በብዛት በወሰዱበት የመጀመሪያ ሳምንት የደም ዲኤችቲያቸው በ56 በመቶ ጨመረ፤ ቴስቶስትሮናቸው ግን አልተለወጠም። ፀጉራቸውን የቆጠረ ሰው አልነበረም። ከላይ ስለ ወንዙና ስለ ማሳው የጻፍኩት እዚህም ይሠራል፤ በደም ውስጥ የታየ ለውጥ በከረጢቱ ለመታየቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ስድስት_ወር መለሰ፦

ለስድስት ወር በቀን ሁለት ጊዜ ሚኖክሲዲል የተባለውን የፀጉር መድኃኒት ስቀባ ቆየሁ፤ ምንም የለም። ጓደኛዬ በአራት ወሩ ለውጥ አየ። ሚኖክሲዲል ከሆርሞን ጋር ግንኙነት የለውም ይባላልና እዚህ መጠየቄ ከርእስ መውጣት ከሆነ ይቅርታ።

ቆዳና_ፀጉር መለሰ፦

ከርእስ አልወጡም፤ እርስዎን የገጠመዎትም የኢንዛይም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ሚኖክሲዲል በመጀመሪያ የወጣው ለደም ግፊት የሚዋጥ ክኒን ሆኖ ነው። የሚወስዱት ሰዎች ገላቸው ፀጉር እያበዛ ሲያስቸግር ነው ሐኪሞች ወደ ራስ ቆዳ ያዞሩት፤ የሚቀባውም እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዲኤችቲን አይነካም። የሚያድገውን ዘመን ያራዝማል፤ የሚያርፈውን ፀጉርም ቶሎ ይቀሰቅሳል።

ዋናው ቁም ነገር ከጠርሙሱ ሲወጣ ገና መድኃኒት አለመሆኑ ነው። በፀጉር ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሰልፎትራንስፈሬዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ሚኖክሲዲል ሰልፌት ሊለውጠው ይገባል፤ የሚሠራውም ይኸኛው ነው። የዚህ ኢንዛይም ብርታት ከሰው ሰው በእጅጉ ይለያያል፤ ኢንዛይሙ የደከመበት ሰው በየቀኑ ቢቀባም የሚያገኘው ጥቂት ነው። እኔ በበኩሌ አንድን ሰው «አልሠራለትም» ከማለቴ በፊት አቀባቡንና ጊዜውን እጠይቃለሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ይበልጥ ስለሚረግፍ ብዙዎች ደንግጠው ያቋርጣሉና። እርስዎ ግን ስድስት ወር ሙሉ ከተጠቀሙ ሐኪምዎ ሌላ መንገድ ቢያስብ ያስኬዳል።

ዘንባባ29 ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የአባቴ ፀጉር ሙሉ መሆኑ እስካሁን አልተፈታልኝም። ሌላው፣ ኢንዛይሙን የሚያግደውን መድኃኒት ብጀምር ምን ልጠብቅ?

የቤተሙከራ_ሰው መለሰ፦

የመጀመሪያውን ልውሰድ። የተቀባዩ ዘረ መል ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአባትዎ ይልቅ የእናትዎን ወንድሞችና የእናትዎን አባት ማየት ይሻል ነበር። «መመለጥ ከእናት ወገን ነው» የሚለው አባባል ግን ግማሽ እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሃምሳ ሁለት ሺህ በላይ ወንዶችን ያካተተ የብሪታንያ ጥናት ከመመለጥ ጋር የተያያዙ 287 የዘረ መል ስፍራዎች አግኝቷል፤ በኤክስ ላይ ያሉት አርባ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ከአባትም ሊመጡ ይችላሉ፤ ባለ ሙሉ ፀጉር አባትም ጥቂቱን ተሸክሞ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ቆዳና_ፀጉር መለሰ፦

ፊናስቴራይድ በዋናነት ዓይነት 2ን ያግዳል፤ በ1 ሚሊ ግራም መጠን የደም ዲኤችቲን በሰባ በመቶ ገደማ ያወርዳል። ለመመለጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 41 የሆነ 1,553 ወንዶች በተካተቱባቸው ሙከራዎች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአናት ፀጉራቸው ቁጥር ያልቀነሰባቸው ከወሰዱት 83 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 28 በመቶ ነበሩ። «ያልቀነሰ» የሚለውን ልብ ይበሉ። የመድኃኒቱ ዋና ሥራ ያለውን ማቆየት ነው፤ ስለዚህም ቀድሞ የጀመረ ይበልጥ ይጠቀማል፤ ያቆመ ደግሞ በዓመት ውስጥ ያተረፈውን ያጣል። ዱታስቴራይድ ሁለቱንም ዓይነት ስለሚያግድ የደም ዲኤችቲን ከዘጠና በመቶ በላይ ያወርዳል፤ ከሰውነት ለመውጣት ግን ወራት ይፈጅበታል። ለፀጉር በደቡብ ኮሪያና በጃፓን ሲፈቀድ በአሜሪካ የተፈቀደው ለፕሮስቴት ብቻ ነው።

ስለ ጉዳቱ በግልጽ ልናገር። በነዚያ ሙከራዎች በመጀመሪያው ዓመት የፍላጎት መቀነስ፣ የብልት አለመቆም ወይም የዘር ፈሳሽ ችግር ያጋጠማቸው 3.8 በመቶ ሲሆኑ ባዶውን ከወሰዱት 2.1 በመቶ ነበሩ። አብዛኞቹ ሲያቆሙ ለቋቸዋል፤ ሆኖም ካቆሙ በኋላም አልለቀቀንም ያሉ ሰዎች ስላሉ ይህ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ሰፍሯል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብን ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ መካከል አረጋግጧል። የድብርት ታሪክ ካለብዎ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ስሜትዎ ከተለወጠም ክኒኑን አቁመው ይደውሉለት። «ዲኤችቲን ያግዳል» የሚል ጽሑፍ ስለተለጠፈባቸው ሻምፖዎች አስተያየቴን ከጠየቁኝ፣ ታጥቦ የሚሄድ ነገር ከረጢቱ ግርጌ ደርሶ ኢንዛይም ያግዳል ብዬ ገንዘቤን አላወጣበትም።

የቆየ_አንባቢ መለሰ፦

እኔ 61 ዓመቴ ነው። ለፕሮስቴቴ 5 ሚሊ ግራም ፊናስቴራይድ ከታዘዘልኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አናቴ ላይ የነበረው ባዶ ቦታ ጥቂት ሸፈን ማለቱን ያየሁት በቅርቡ ነው። ምክንያቱን ዛሬ እዚህ አነበብኩ። ለወጣቶቹ የሚሰጠውም ያው መድኃኒት ከሆነ ለፕሮስቴት የሚደረገው ምርመራ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ቆዳና_ፀጉር መለሰ፦

አዎ አባቴ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። ያነሡት ነጥብም ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ፊናስቴራይድ ለፕሮስቴት ምርመራ በደም የሚለካውን ፒኤስኤ የተባለ የፕሮስቴት ፕሮቲን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል፤ በ1 ሚሊ ግራምም ቢሆን እንዲሁ። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው ፒኤስኤው 2 ሆኖ ቢነበብ ሐኪሙ 4 ብሎ ነው የሚያስበው፤ ቁጥሩ ከዝቅተኛው ደረጃ ተነሥቶ መውጣት ከጀመረም በመደበኛው ክልል ውስጥ እንኳ ቢሆን ይመረመራል። ዘንባባ29፣ ይህ ለእርስዎ ገና ሩቅ ይመስልዎት ይሆናል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ከጀመሩ ደምዎን በሚሰጡበት ቦታ ሁሉ እንደሚወስዱት ያስመዝግቡ።